ቁልፍ ያዥ

የደብሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ኤላዲዮ እባላለሁ፤
በጋሊሲያ ጠረፍ፣ ውቅያኖሱ አፍ ላይ፣ ደወል እደውላለሁ።
ቁልፉ ክንድ ያህላል፣ ዝገት የላሰው፣
አባቴ ጎብጦበት ለኔ ያወረሰው።

ሌላም ሥራ አለብኝ፤ እሑድ፣ ከቅዳሴ ኋላ
የመጣን ነፍስ ቆጥሬ መጻፍ በመዝገቡ ገላ።
አሥራ ሰባት። አሥራ አምስት። ለፋሲካ አርባ።
በብርዱ ወራት ዘጠኝ፣ አንድ ውሻ ሾልኮ ሲገባ።
ቁጥሩ ጳጳሱ ዘንድ ይሄዳል፣ ታኅሣሥ ላይ ታሽጎ፤
ማን ያነበው ይሆን፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ?

ዶሲንዳ ግን የለችም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
አንድም ቀን አልቆጠርኳትም። «ካደች» እያሉ
ሲያሟት ሰምቻለሁ። አልዋሽም፣ እኔም አምቻለሁ።

እሷ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጎህ ገና ሳይቀድ፣
በቦቲ ጫማዋ ጭቃውን ሰንጥቃ ስትሄድ፣
ወገቧን አጥፋ፣ ከአሸዋው ሆድ ዛጎል ትለቅማለች፤
ደወሌ ሲጮኽ ቀና ትላለች፣
እጇን በሽርጧ ትጠርግና ትቆማለች።
እንዲያው ትቆማለች። ፊቷ ወደ ማዶ።
ከዚያ ጎንበስ፤ ባሕሩ ሳይመለስ ነጉዶ።

አባ አማንሲዮ ላኩኝ፤ «ጠይቃት፣ ምን በደልናት?»
ወረድኩ። ጫማዬ ውሃ ጠጣ። ከሩቅ ጠራኋት።
«ዶሲንዳ፣ ምነው፣ ደወሉ አይሰማም ወይ?»
«ይሰማል» አለች፤ «ደንቆሮ ነኝ ወይ?
አንተ ሰዓት አይተህ ገመድ ትጎትታለህ፤
እኔን የምትጎትት ጨረቃ ናት፤ ታያለህ፣
ባሕሩ ሲከፈት በሩን ማንም አልያዘ፣
ሊከፍት፣ ሊዘጋ፣ አንድ ሰው አልታዘዘ።»

«ጸሎትሽስ?» አልኳት፤ «በምን ቃል ነው?»
«ቃል የለውም» አለች፤ «እንዲሁ ዝም ነው።
ማመስገን ሲያምረኝ አንዱን ዛጎል መልሼ እቀብራለሁ፤
ሲከፋኝ እሰድበዋለሁ፤ ከዚያ እታረቃለሁ።»

ለአባ ምን ልበላቸው? ዳገቱን ስጨርስ ያላሰብኩት መጣ፤
«ጉልበቷን ያማታል» የሚል ውሸት ከአፌ ወጣ።

ከዚያ የወንድሟ፣ የሴልሶ ጀልባ፣ በጥቅምት ጽልመት።
ዘጠኝ ቀን ውሃው ደብቆት ባሥረኛው ጣለው ከአለት።

በሬን አንኳኳች በሌሊት፤ ከነቦቲዋ ቆማለች።
«ኤላዲዮ፣ ስድስት ሰው እፈልጋለሁ» አለች።
«መጸለዩን ለብቻዬ እችላለሁ፤ ስችል ኖሬያለሁ።
ሬሳ ግን ለብቻ አይነሣም። ሞክሬዋለሁ።»

ሮጥኩ። ገመዱን በሁለት እጄ ሳብኩት፤
ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ፈቃድ፣ ደወሉን ደወልኩት።
ሲያሟት የኖሩት በሌሊት ልብሳቸው ወጡ፤
ፋኖስ የያዘ፣ መቅዘፊያ የያዘች፣ ሳይጠይቁ መጡ፤
ዳቦ ጋጋሪው ኦቪዲዮ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣
በአጥር ከስሳት የነበረች ኤሎይና፣ እጇን ዘርግታ ልትደግፍ።

አባ ፍትሐቱን አነበቡ፤ ያ ያረጀ ቃል፣
ሺህ አፍ ያለሰለሰው፣ እንደ ባሕር ጠጠር ይንከባለላል።
እሷ መቼ እንደሚቀመጡ፣ መቼ እንደሚነሡ ጠፋት፤
እስከ መጨረሻው ቆመች። ማንም አላረማት።

በሚቀጥለው እሑድ ትመጣ ይሆናል ብለን
የፊቱን ወንበር ጠበቅን፣ አቧራውን ጠርገን።
አልመጣችም።

እኔ ነኝ የወረድኩት። አንድ ንጋት፣ ሰው ሳያየኝ፣
ቁልፉ በኪሴ፣ ውሃው እስከ ጉልበት ሲቆርጠኝ፣
ዝም ልል ሞከርኩ። ዝምታው አልመጣልኝ፤
ከአፌ የወጣው ያው የመጽሐፉ ነው፣ አባቴ ያስጠናኝ።
ሣቅሁ። አንድ ዛጎል አንሥቼ መልሼ ቀበርኩ፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ካልሲዬን ጨምቄ ተመለስኩ።

ያን እሑድ ከውስጥ አሥራ ሦስት ነበርን።
«አሥራ አራት» ብዬ ጻፍኩ።
አባ መዝገቡን አዩ፤ ወንበሮቹን በዓይናቸው ለቀሙ፤
በመስኮቱ ወደ ባሕሩ እያዩ ለአፍታ ቆሙ፤
ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በእጀታቸው ጠረጉ፣
«ቀለሙ እስኪደርቅ ቆይ» አሉኝ፣ መዝገቡን ሳይዘጉ።